ስለ ቃል ውልና ስለ ጽሑፍ ውል፤ በሕግ ፊትም ስላላቸው ጽናት

በአገራችን ስለ ቃል የሚነገሩ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። አንደኛው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። ሁለተኛው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ሁለቱን አጠጋግቶ ለሚሰማ ሰው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ የፊተኛው ቃልን ከልጅ አብልጦ ሲያከብር፥ የኋለኛው ያልተጻፈ ቃል ጠፊ ነው ይላልና። ነገር ግን አይቃረኑም። የፊተኛው የሚናገረው ስለ ሰው ግዴታ ነው፤ የኋለኛው የሚናገረው ስለ ሰው ትዝታ ነው። ሰው የሰጠውን ቃል ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሊረሳው፥ ሊክደው ወይም ሳይፈጽመው ሊሞት ይችላል። የኢትዮጵያ የውል ሕግም እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቶ ይመለከታል።

ይህን ነገር ለይቶ ማወቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለመንደር መምህርና ማንበብ መጻፍ ለሚያውቅ ሽማግሌ ነው። በገጠር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ሲዋዋል፥ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ እንዲመጣ የሚጠራው ወይ መምህሩ ወይ ሽማግሌው ነውና። ጸሐፊው ሕጉን ሳያውቅ ጽፎ እንደ ሆነ፥ ወይም መጻፍ የሚገባውን ነገር «በቃል ይበቃል» ብሎ መክሮ እንደ ሆነ፥ ጉዳቱ የሚደርሰው በእርሱ ላይ ሳይሆን አምኖ በጠራው ሰው ላይ ነው።

፩ኛ፤ ውል ምንድር ነው?

ውል ማለት ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች የንብረት ግዴታ ለማቋቋም፥ ያለውን ግዴታ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት በመካከላቸው የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ይህ ትርጓሜ የሚገኘው በፍትሐ ብሔር ሕግ በ1675ኛው አንቀጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ሕጉ 3367 አንቀጾች አሉት፤ በ3347ኛው አንቀጽም፥ በሕጉ ውስጥ ስለተነገሩት ነገሮች ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩት የጽሑፍም ሆነ የልማድ ሕጎች፥ ሕጉ ራሱ በግልጥ ካልፈቀደ በቀር፥ መሻራቸውን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአገር ሕግ ተለውጧል፤ ስለ ውል ግን ዛሬም ፍርድ የሚሰጠው በዚሁ ሕግ ነው።

ውል ይጸና ዘንድ ሕጉ በ1678ኛው አንቀጽ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፥ ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው እንዲሆኑና ጉድለት በሌለው ፈቃድ እንዲስማሙ። ሁለተኛ፥ የተዋዋሉበት ነገር በሚገባ የታወቀ፥ የሚቻልና ሕግ የማይከለክለው እንዲሆን። ሦስተኛ፥ ሕግ ለዚያ ዓይነት ውል ልዩ ሥርዓት አዝዞ እንደ ሆነ፥ ያ ሥርዓት እንዲፈጸም። በሦስተኛው ላይ «አዝዞ እንደ ሆነ» የሚለውን ቃል አስተውሎ መያዝ ይገባል፤ የትምህርቱ ሁሉ ቍልፍ እርሱ ነውና።

፪ኛ፤ አባቶች በቃል ይዋዋሉ ስለ ነበረበት ሥርዓት

በቀድሞ ዘመን የተጻፈ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፥ ስለ ብድር፥ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ መጻፍ ስለማያውቅ፥ የዕለት ተዕለት ውል የሚጸናው በቃል ነበር። ቃሉም ብቻውን አይቆምም፤ እማኝ ይቆጠርበታል፥ ዋስ ይጠራበታል፥ በንጉሡ ስም ይማልበታል። «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ቢያፈርስ ነውሩ በባልንጀራው ፊት ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ የንጉሡን ስም እንዳቃለለ ይቆጠርበት ነበር። ክርክርም የተነሣ እንደ ሆነ በአደባባይ ተሟግቶ፥ እማኝ ጠርቶ፥ ዋስ አስይዞ ይፈረድ ነበር።

ይህ ሥርዓት ለዘመኑ የሚበቃ ነበር። ሰው በተወለደበት አገር ይኖራል፤ እማኞቹ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከሰው መካከል ሊኖር አይችልም። ዛሬ ግን ገበሬው ከማያውቀው ነጋዴ ጋራ ይዋዋላል፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤ እማኝ የነበረው ሰው በተፈለገበት ቀን አይገኝም። የልማዱ ክብር ሳይጠፋ፥ ልማዱን ይደግፍ የነበረው አጥር ፈርሷል። ወረቀት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

፫ኛ፤ የቃል ውል በሕግ ፊት ይጸናልን?

ብዙ ሰዎች «ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በ1719ኛው አንቀጽ እንደ ተነገረው፥ ሕግ ልዩ ሥርዓት ካላዘዘ በቀር፥ ሰዎቹ ከተስማሙ ውሉ ይጸናል፤ ወረቀትም ፊርማም አያስፈልገውም። የጸና ውልም፥ በ1731ኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው፥ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳል። ስለዚህ በሬ የሸጠ፥ እህል በዱቤ የሰጠ፥ ግንበኛ ወይም አናጢ የቀጠረ ሰው በቃል ብቻ ተስማምቶ እንደ ሆነ፥ ውሉ እውነተኛ ውል ነው። ቃሉን ያፈረሰ ወገን «ወረቀት የታለ?» በማለት ብቻ ሊያመልጥ አይችልም፤ ሌላው ወገን ስምምነቱን በምስክር ሊያስረዳ ይችላልና።

የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ነገሩን ያቀልላል። አንድ ገበሬ በገበያ ላይ የሌላውን በሬ በ60,000 ብር ሊገዛ ተስማማ፤ በሁለት ሰዎች ፊትም 3,000 ብር ቀብድ ሰጠ፤ የቀረውን በሚመጣው ቅዳሜ ከፍሎ በሬውን ሊወስድ ተቀጣጠሩ። በመካከሉ ሌላ ሰው መጥቶ 65,000 ብር እሰጣለሁ ቢለው፥ ሻጩ ሐሳቡን ለወጠ። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደ ሆነ ሕጉ በ1883ኛው አንቀጽ ይናገራል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፥ በ1885ኛው አንቀጽ መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሊተው ቢፈልግ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሰው ሊተው ቢፈልግ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሻጩ 6,000 ብር መመለስ አለበት። በዚህ ነገር ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም፤ ሁለቱ ምስክሮች መጥተው ያዩትንና የሰሙትን ቢናገሩ ዳኛው ሊፈርድበት ይችላል።

፬ኛ፤ መጽናት ሌላ፥ መረጋገጥ ሌላ

ከዚህ በላይ የተነገረውን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። መልሱ፥ ውል መጽናቱ አንድ ነገር፥ በፍርድ ቤት መረጋገጡ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በ2001ኛው አንቀጽ እንደ ተደነገገው፥ «ግዴታ አለብህ» ባዩ ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ «ግዴታው ቀርቷል» ወይም «ተለውጧል» ባዩም እንዲሁ የሚለውን ማስረዳት አለበት። ዳኛ በልቡ የሚገምተውን ሳይሆን በፊቱ የተረጋገጠውን ይፈርዳል። ማስረጃም በጽሑፍ፥ በምስክር፥ በሕሊና ግምት፥ በማመን ወይም በመሐላ ሊቀርብ እንደሚችል 2002ኛው አንቀጽ ይዘረዝራል። ሁሉም ማስረጃ ግን ለሁሉ ነገር አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው የገንዘብ ብድር ነው። በ2472ኛው አንቀጽ፥ የብድሩ ገንዘብ ከ500 ብር የበለጠ እንደ ሆነ፥ ብድሩ ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ሕግ አውጪውም ድሃ ከድሃ የሚበደረውን ጥቂት ገንዘብ ከጽሑፍ ነጻ ሊያደርግ ወሰኑን አኖረ። ዛሬ ግን 500 ብር የአንድ በግ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ በዘመናችን በመንደር የሚደረገው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ጽሑፍ ከሚያስፈልገው ወገን ሆኗል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም እንደ ቀድሞው «እናንተ ምስክር ሁኑ» ብሎ ያበድራል።

ለምሳሌ አንድ ሰው ለአበልጁ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት 20,000 ብር ቈጥሮ ሰጠ፤ በመተማመንም ወረቀት ሳይጽፉ ቀሩ። ተበዳሪው ሳይከፍል ሞተ። ሚስቱና ልጆቹ ስለ ብድሩ የሚያውቁት ነገር የለም። አበዳሪው ሦስቱን ሽማግሌዎች ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፥ ሽማግሌዎቹ እውነተኞችና የተከበሩ ቢሆኑም፥ በእነርሱ ምስክርነት ብቻ ብድሩ አይረጋገጥም። ተበዳሪው በሕይወት ቢኖር ኖሮ በዳኛው ፊት ሊያምን ይችል ነበር፤ ሙት ግን አያምንም፥ አይምልምም። እንዲህ ሆኖ አበዳሪው ገንዘቡን ያጣል፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦችም፥ አንዱ «ካዱኝ» ሌላው «በሐሰት ከሰሰኝ» እየተባባሉ፥ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ይይዛሉ። በዚህ ነገር ሐሰተኛ ሰው አልነበረም፤ የጎደለው አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው።

አንባቢው ሕጉ ለተበዳሪ ያደላል ብሎ እንዳያስብ፥ የነገሩን ሌላ ፊት መመልከት ይገባዋል። ከ500 ብር የበለጠ ብድር መከፈሉም የሚረጋገጠው በዚሁ ዓይነት ማስረጃ ነው። ተበዳሪ በወረቀት ፈርሞ ተበድሮ፥ ዕዳውን ግን በሽማግሌ ፊት በቃል ብቻ ከፍሎ፥ ወረቀቱን ሳይቀበል ቢሄድ፥ ወረቀቱ በአበዳሪው ሣጥን ውስጥ ይኖራል። አበዳሪው ሲሞት ወራሾቹ ወረቀቱን አግኝተው ይከሳሉ፤ ከፋዩም ሁለተኛ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ ለሰው ልጅ እንዲህ ብሎ መምከር ይገባል፦ በወረቀት የተበደርከውን በወረቀት ክፈል፤ የተፈረመ ደረሰኝ ተቀበል፤ የብድሩንም ወረቀት አስመልሰህ ቅደደው።

በባንክ ወይም በቴሌብር የተላለፈ ገንዘብ፥ መተላለፉን የሚያሳይ ምልክት ይቀርለታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምልክቱ የሚያሳየው ገንዘቡ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱን እንጂ በምን ምክንያት እንደ ሄደ አይደለም። ተቀባዩ «ስጦታ ነው» ወይም «የቀድሞ ዕዳው ነው» ቢል ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ በስልክም ቢላክ የብድሩ ውል ለብቻው ይጻፍ።

፭ኛ፤ ያለ ጽሑፍ ከቶ የማይጸኑ ውሎች

እስካሁን የተነገረው ጸንቶ ሳለ ለማስረዳት ስለሚያስቸግር ውል ነው። ከዚህ ሌላ ግን ካልተጻፈ ከቶ ውል የማይባል አለ። ሕግ ልዩ ሥርዓት አዝዞ ሳለ ሥርዓቱ ያልተፈጸመ እንደ ሆነ፥ በ1720ኛው አንቀጽ መሠረት ስምምነቱ የውል ረቂቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ረቂቅም ማንንም አያስገድድም። እንዲህ ያለ ውል፥ ጽሑፉ ተጽፎ ሳለ መጥፋቱ፥ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ካልተረጋገጠ በቀር፥ በምስክር እንዲረጋገጥ 2003ኛው አንቀጽ አይፈቅድም። በመንደርና በአነስተኛ ከተማ የሚያጋጥሙት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ቤት። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት፥ ወይም ለዕዳ መያዣ የሚሰጥበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ 1723ኛው አንቀጽ ያዝዛል። ስለ ሽያጩም 2877ኛው አንቀጽ፥ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም ይላል። አንድ ሰው በወረዳ ከተማ ቤት በቃል ገዝቶ፥ ገንዘቡን ከፍሎ፥ ገብቶ ሊኖርበት ይችላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቤት ዋጋ ሲወደድ ሻጩ ወይም ወራሹ ተነሥቶ «ውል የለም» ቢል፥ ገዢው በመጨረሻ ሊያገኝ የሚችለው የከፈለውን ገንዘብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ገንዘብ ግን ያን ቤት የሚመስል አይገዛበትም። በግል ወረቀት ተጽፎ ስላልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውልም በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እየቀረበ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ያልተመዘገበው ውል እንደ ረቂቅ የተቆጠረበት ፍርድ አለ፤ ሻጩ መሸጡን ባመነ ጊዜ በሌላ መንገድ የታየበትም አለ። ብልህ ሰው ገንዘቡን ለእንዲህ ያለ ክርክር አሳልፎ አይሰጥም፤ ክፍያውን ከመፈጸሙ አስቀድሞ ያስመዘግባል።

ዋስትና። በመንደር «እኔ አለሁልህ፥ እርሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ማለት የተለመደ ነው። ሕጉ ግን ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን በ1725ኛው አንቀጽ ያዝዛል፤ በ1922ኛው አንቀጽም ዋስትና በግምት እንደማይያዝና ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ መነገር እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ በቃል ዋስ ተቀብሎ ያበደረ ሰው ያለ ዋስ እንዳበደረ ይቁጠረው። የእቁብ ማኅበርተኞች ይህን ነገር በልማድ ያውቁታል፤ እቁብ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ዋሱ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ሳይፈርም ገንዘቡን አይሰጡትም። በዚያ ላይ የዋስትናው ልክ በአኃዝም በፊደልም እንዲጻፍ ቢያደርጉ ጥንቃቄያቸው ሙሉ ይሆናል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራ የሚደረግ ውል። ይህም በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ በ1724ኛው አንቀጽ ታዟል። ለመንደር ትምህርት ቤት ወንበር ሊሠራ ወይም አጥር ሊያጥር ከመንግሥት ሹም ጋራ በቃል የተስማማ አናጢ፥ ሹሙ ተዛውሮ ሌላ በመጣ ጊዜ ዋጋውን የሚጠይቅበት መሠረት ያጣል።

የገጠር መሬት። በዚህ ላይ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይሠራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ መሬት ሸጥሁ ገዛሁ የሚል ወረቀት ዐሥር ምስክር ቢፈርምበትም ዋጋ የለውም። ጽሑፍ የሥርዓትን ጉድለት ይሞላል እንጂ ሕግ የከለከለውን ነገር የተፈቀደ ሊያደርግ አይችልም። ሽያጩን «ብድር» ወይም «ወለድ አገድ» የሚል ስም ሰጥቶ መጻፍም ነገሩን አይለውጠውም፤ ዳኛ የሚመለከተው የወረቀቱን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ሐሳብ ነው። መሬትን ለተወሰነ ዘመን ማከራየት ግን የተፈቀደ ነው፤ የዘመኑ ልክና የምዝገባው ሥርዓት በየክልሉ የመሬት ሕግ ስለተለያየ፥ ውሉ ከመጻፉ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

፮ኛ፤ የጽሑፍ ውል ሥርዓት

በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል፥ በ1727ኛው አንቀጽ መሠረት፥ ራሱን በቻለ ወረቀት ይጻፋል፤ ግዴታ የሚገቡት ሰዎች ሁሉ ይፈርሙበታል፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል። ምስክር የሌለበት ጽሑፍ የሚያስገድድ ኃይል የለውም። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያላለውን ውልም በዚሁ ሥርዓት መጻፍ ይበጃል።

ስለ ፊርማ 1728ኛው አንቀጽ የሚናገረውን መምህራንና ሽማግሌዎች በተለይ ሊያስተውሉት ይገባል። መፈረም የማይችል ሰው የጣቱን ምልክት ሊያኖር ይችላል። ነገር ግን የዕውር ሰው ወይም ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው የጣት ምልክት፥ ውል የሚያዋውል ሹም፥ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር፥ ያን ሰው አያስገድደውም። የዚህ ሥርዓት ምክንያት ግልጥ ነው። የማያነብ ሰው የተነበበለትን ያምናል፤ አንባቢው አምስቱን አምሳ አድርጎ ቢያነብለት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሕጉ በአንባቢውና በማያነበው መካከል የታመነ ሦስተኛ ሰው አቆመ። ከማያነብ ሰው ጋራ የሚዋዋል ሁሉ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ወይም ወደ ውል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚወስደውን መንገድ እንደ ድካም ሊቈጥረው አይገባም፤ ለሁለቱም ወገን መጠበቂያ ነውና።

በሥርዓት የተፈረመ ጽሑፍ፥ በ2005ኛው አንቀጽ እንደ ተነገረው፥ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ ነው። በመፈረም የተገባው ነገር በኋላ «እንዲህ አላልሁም ነበር» በማለት በቀላሉ አይፈርስም። የጽሑፍ ጥቅሙም አደጋውም ይህ ነው።

ወረቀት ያለው ሰውም ቢሆን ዘላለም ሊተኛበት አይችልም። ሕግ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፥ ውል እንዲፈጸም የሚቀርብ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ 1845ኛው አንቀጽ ይናገራል።

፯ኛ፤ ስለ ጸሐፊው ኀላፊነት

ወረቀት በደልን ያስቀራል፤ ነገር ግን በክፉ ሰው እጅ የገባ እንደ ሆነ በደልን ያጸናል። የቃል ሐሰት በምስክር ይገለጣል፤ በጽሑፍ የገባ ሐሰት ግን ፊርማ አጥር ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለጎረቤቶቹ ውል የሚጽፍ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች ይጠብቅ።

አንደኛ፥ የሆነውን ብቻ ይጻፍ። አንዳንድ አበዳሪዎች 10,000 ብር ሰጥተው፥ ወለዱን ከዋናው ጋራ ደምረው «15,000 ብር አበደርሁ» ብለው ያስጽፋሉ። ወለድ ተዋውለው ካልሆነ በቀር እንደማይከፈል፥ በውልም ቢሆን በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የብድር ሕግ ይወስናል። ይህን እያወቀ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚጽፍ ሰው የበደሉ ተካፋይ ነው።

ሁለተኛ፥ በባዶ ወረቀት ላይ ማንንም አያስፈርም፤ ያልተሞላ ቦታም አይተው። የገንዘቡን ልክ በአኃዝና በፊደል፥ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፥ የመክፈያውንም ጊዜ ይጻፍ። «መኸር ሲገባ» ወይም «ሲመቸኝ» የሚል ቃል ክርክር ይወልዳል።

ሦስተኛ፥ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ሳይቸኩል፥ ለሁሉም ያንብብ። ካነበበም በኋላ ተዋዋዮቹ የገባቸውን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲናገሩ ያድርግ። የማያነብ ሰው መልሶ ሲናገር ስሕተቱ ወይም ተንኮሉ ይገለጣል።

አራተኛ፥ ውሉን በተዋዋዮቹ ቍጥር ልክ አባዝቶ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ቅጂ ይስጥ። በአንድ ወገን እጅ ብቻ ያለ ወረቀት በፈለገ ጊዜ ይገኛል፥ ባልፈለገ ጊዜ ይጠፋል።

አምስተኛ፥ ምስክሮቹ ነገሩን ያዩና የሰሙ፥ ዕድሜያቸውም የደረሰ ይሁኑ፤ ለመፈረም ብቻ ከመንገድ የተጠሩ አይሁኑ።

የብድር ውል አብነት

«ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. በ… ወረዳ በ… ቀበሌ፥ አበዳሪ … የ… ልጅ፥ ተበዳሪም … የ… ልጅ፥ ከዚህ በታች የተጻፈውን ውል ተዋውለዋል።
1ኛ. አበዳሪ ብር 20,000 (ሃያ ሺሕ ብር) ለተበዳሪ ቈጥረው ሰጥተዋል፤ ተበዳሪም ቈጥረው ተቀብለዋል።
2ኛ. ተበዳሪ ገንዘቡን እስከ … ቀን … ዓ.ም. ባንድ ጊዜ ከፍለው ሊጨርሱ ግዴታ ገብተዋል።
3ኛ. ብድሩ ወለድ የለበትም።
4ኛ. ክፍያው ሲፈጸም አበዳሪ የተፈረመ ደረሰኝ ይሰጣሉ፥ ይህንም ወረቀት ይመልሳሉ።
ይህ ውል በሁለት ቅጂ ተጽፎ፥ ለሁለቱም ወገን በምስክሮች ፊት ተነብቦላቸው፥ ፈቅደው ፈርመውበታል።
የአበዳሪ ፊርማ … የተበዳሪ ፊርማ … የ1ኛ ምስክር ስምና ፊርማ … የ2ኛ ምስክር ስምና ፊርማ …»

የነገሩ ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የቃል ውል ሕግ ሌላ ሥርዓት ካላዘዘ በቀር ይጸናል፤ ስለዚህ ቃሉን ያፈረሰ ሰው «አልጻፍሁም» በማለት ከግዴታው አይወጣም። ከ500 ብር የበለጠ ብድር ግን ያለ ጽሑፍ ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራል። ቤትና ዋስትና፥ ከመንግሥትም ጋራ የሚደረግ ውል ያለ ጽሑፍ ረቂቅ ብቻ ናቸው። የመሬት ሽያጭ በጽሑፍም አይጸናም። ወዳጅ ከወዳጁ ወረቀት ቢጠይቅ አላመነውም ማለት አይደለም፤ አንዳቸው በሞቱ ጊዜ ልጆቻቸው እንዳይጣሉ ማሰቡ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች «ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው» የሚለውን ልማድ በምክራቸው ቢያስቀሩት፥ ቂምን ከሥሩ ነቀሉት ማለት ነው።

መምህሩ ለተማሪዎችና ለወላጆች የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች

1. በሁለት ሰዎች ፊት በቃል የተሸጠ በሬ ሽያጩ ይጸናልን? ለምን?
2. አንድ ሰው 400 ብር፥ ሌላው 4,000 ብር በቃል አበደሩ። ሁለቱም ተበዳሪዎች ካዱ። የማስረጃው ነገር በምን ይለያያል?
3. ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ቢተው ምን ይከፍላል?
4. ማንበብ የማትችል እናት በቤቷ ውስጥ በጣቷ ምልክት ያጸናችው ወረቀት ምን ይጎድለዋል?
5. ዕዳውን ከፍሎ ወረቀቱን ሳይቀበል የተመለሰ ሰው ምን አደጋ አለበት?
6. ተማሪዎች በየቤታቸው ያሉትን የውል ወረቀቶች ከወላጆቻቸው ጋራ ሆነው ይመርምሩ፤ ቀኑ፥ የገንዘቡ ልክ፥ ሁለቱ ምስክሮችና ፊርማው መኖራቸውን ይመልከቱ፤ የጎደለ ነገር ቢያገኙ ተዋዋዮቹ በሕይወትና በስምምነት ሳሉ እንዲያሟሉት ይንገሩ።